የፉፋ ቀዳዳ

ባሌ ፉፋና እኔ ሃያ ስድስት ዓመት የተጨቃጨቅነው በአንድ ቀዳዳ ነው። በመሬት አልተጣላንም፣ በከብት አልተጣላንም፣ በዘመድም ቢሆን ያን ያህል አልተጣላንም። በቀዳዳ።

ቀዳዳው በጓሮ በኩል ካለው ግድግዳ ሥር ነው፤ ከወለሉ እኩል፣ ሁለት ጡጫ ጎን ለጎን የሚያስገባ። ቤታችን ከአምቦ ወጣ ብሎ ዳገት ላይ ነውና የጥር ንፋስ በዚያ ይገባና ቁርጭምጭሚቴን ሲቆረጥመኝ ያመሻል። ጨርቅ እወትፍበታለሁ፤ ፉፋ ያወጣዋል። ድንጋይ እደነቅርበታለሁ፤ ያነሣዋል። ጠዋት ሲነሣ ፊቱን እንኳ ሳይታጠብ ተንበርክኮ እጁን ወደ ቀዳዳው ይሰድና "ክፍት ነው" ይላል። እግዜር ይመስገን የሚለው ከዚያ በኋላ ነው።

"አንተ ሰውዬ፣ ድመት የለን፤ ለማን ነው የምትከፍተው?" እለዋለሁ።

"አባቴ አትድፈኑት ብሏል።"

"ለምን አሉ?"

እንዳልሰማ ወጥቶ ይሄዳል። እሱም አያውቅማ! ቤቱን የሠሩት አባቱ ኦቦ ደቻሳ ናቸው። እሳቸውም በሕይወት እያሉ ሲጠየቁ የሚመልሱት አንድ ነገር ነበር፦ "ላፍቲ አፉራ ሃ ባፋቱ።" መሬት ትተንፍስ ማለታቸው ነው። ከዚያ በላይ ቃል አይወጣቸውም። እኔም በሆዴ፣ መሬት አፍንጫ ያበቀለችው መቼ ነው እላለሁ።

ሌላም ሕግ ነበራቸው። በዚህ ቤት ሰው መሬት ላይ አንጥፎ አይተኛም፤ እንግዳም ቢበዛ መደብ ላይ ተጣቦ ያድራል። ዶሮ ቆጥ ላይ ይሰፍራል። ጥጃ ብርድ ቢሆንም ውጭ ነው የሚታሰር። ሃዋኒን የወለድኩ ጊዜማ ለሕፃኗ አልጋ ሠርተው ከአግዳሚው ላይ በገመድ አንጠለጠሉልኝ። ሰው ሲያረጅ ሕግ ይወዳል ብዬ ተውኩት። ቀዳዳውን ግን አልተውኩትም።

ፉፋ በ2009 የካቲት ላይ ሞተ። ተዝካሩን እንዳወጣሁ ሃዋኒ ደወለች። ጊንጪ ቢሮ ነው የምትሠራው። ልትወልድ ደርሳለችና "እማዬ ነይ አርሺኝ" አለችኝ። በሩን ቆልፌ ሄድኩ። ለአርባ ቀን ብዬ የሄድኩት ሴትዮ ሦስት ዓመት ቀረሁ። የልጅ ልጄ ሄቨን ዳኸች፣ ቆመች፣ አፏን ፈታች። ለእኔም ክፍል ተሰጠኝ፤ አልጋውም ፍራሹም ጥሩ ነው። ግን የሃዋኒ ቤት ከመንገዱ ዳር ነው። በየጠዋቱ የመኪና ረዳቶቹ "አምቦ! አምቦ! የሞላ አምቦ!" እያሉ ሲጣሩ እኔን የሚጠሩኝ ይመስለኛል። በስሜ ሲጠሩኝ እየሰማሁ እንዴት ብዬ ልተኛ?

"ልመለስ ነው" አልኳት አንድ ቀን።

"ወዴት?"

"ወዴት ትያለሽ? ወደ ቤቴ ነዋ።"

ሃዋኒ እንደኔ ናት፤ ስትናደድ ድምፅዋ ይቀንሳል። "እማዬ፣ ሦስት ዓመት ሰው ያልኖረበት ቤት ቤት ነው? ወገብሽን ያምሻል። ብቻሽን ነሽ። ለሚፈልገው እንስጠው።"

እንቢ አልኩ። ሳምንት ሙሉ እንቢ አልኩ። በመጨረሻ እሷም ቀጠሮ ሰጠችኝ፦ "ታኅሣሥ ሲገባ ሂጂና አሳድሺው። ለጥምቀት ያልገባሽበት እንደሆነ እንሸጠዋለን። የከተራ ዋዜማ እኔና ሄቨን መጥተን አብረንሽ እናድራለን። ቤቱን አይቼ ልቤ ካልወደደው ግን አንቺን ይዤ ነው የምመለሰው። ዳግመኛ አታነሺብኝም።"

"እሺ" አልኩ። እሺ ብዬ የማላውቀው ሴትዮ እሺ አልኩ፤ ምክንያቱም ቤቱን አውቀዋለሁ። አውቀዋለሁ ብዬ ነው።

ታኅሣሥ ሁለት ቀን በሩን ከፈትኩ። ከፈትኩ ስል፣ ቁልፉ ዝጎ እንቢ ስላለኝ በድንጋይ ሰበርኩት። እኔ የጠበቅሁት አይጥና የእባብ ቆዳ ነበር። ቤቱ ግን ልክ ትናንት እንደወጣሁበት ነው። የሸረሪት ድር እንኳ ያለው ከላይ ከላይ ነው፤ ከጉልበት በታች አንድም ድር የለም። ግድግዳው ላይ ምርጊቱ በየቦታው ተሰነጣጥቋል። በጓሮ ዞሬ ቀዳዳውን አየሁት፤ እንደተከፈተ ነው። ከቀዳዳው ሥር ጀምሮ ቁልቁል እስከ ቦዩ ድረስ፣ ስፋቱ አንድ እርምጃ የሚሆን መሬት ሣር አልበቀለበትም። ዙሪያው ለምለም ነው፤ እሱ ብቻ እንደ ተከፈለ ፀጉር መሃል መስመር ራቁቱን ወርዷል። ጥቂት የደረቁ ጢንዚዛዎች ተገልብጠው ተኝተዋል። ከበፊትም እንደዚያ ነበር መሰለኝ፤ ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም። ያን ቀንም ልብ አላልኩትም።

ጭቃ አስቆፍሬ፣ የጤፍ ጭድ ነስንሼ፣ ውኃ አጠጥቼ አስቦካሁ። ጎረቤቴ ዘነበወርቅ ልታግዘኝ መጣች። ዘነበወርቅ በገበያ ቀን ሽንኩርት ትሸጣለች፤ በቀረው ቀን ሰው ላይ ትስቃለች። ቀሚሳችንን ሰብስበን ጭቃውን ስንረግጥ በስሜ ጠርታ ትጀምረኛለች፦

"ምነው ወርቂቱ፣ ወገብሽን ጊንጪ ረስተሽው መጣሽ እንዴ?"

"አንቺ እግርሽን አንሺ። የምትረግጪው ጭቃ ነው ወይስ እንቁላል?"

"ኧረ ተይኝ፣ ፉፋ ቢያይሽ ኖሮ 'ከዚህች ሴት ሞቼም አላረፍኩም' ይል ነበር።"

አሥራ አንድ ቀን መረግን። አንድ ስንጥቅ አላለፍኩም። ጣቴን እየሰደድኩ ነው የፈለግሁት። በክረምት ጎርፍ እንዳይገባብኝ ብዬ የበሩን ደፍ በድንጋይና በጭቃ አንድ ክንድ ያህል አስነሣሁት። ግድግዳው ሲደርቅ ከላይ እስከ ታች፣ ወለሉንም ጭምር፣ በእበት ለቀለቅሁት። እጄን ሳሳልፍበት እንደ ሸክላ ለስላሳ ነው።

ቀዳዳው ቀረ።

ድንጋይ መርጬ ይዤ ጓሮ ስዞር ኦቦ ፈይሳ በበቅሎአቸው ያልፋሉ። ኦቦ ፈይሳ ሰባ አምስት ዓመታቸው ነው፤ ይህ ቤት ሲሠራ ቋሚ የተሸከሙ ናቸው። በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም፤ ሃዳ ሃዋኒ ነው የሚሉኝ፣ የሃዋኒ እናት ለማለት።

"አካም ቡልቴ ሃዳ ሃዋኒ? ሥራ በረታ?"

"ገለታ ዋቃ፣ ተመስገን፣ እየጨረስኩ ነው።"

ድንጋዩን አዩት። ቀዳዳውን አዩት። በቅሎዋን አቆሙ። "እሱን እንኳ ብትተዪው። ደቻሳ ያለውን ታውቂያለሽ።"

"ኦቦ ደቻሳም ሞቱ፣ ፉፋም ሞተ። ብርዱ ግን አልሞተም።"

"ዐደራ ነበር እኮ።"

"ዐደራው የምንድን ነው? እርስዎ ያውቁታል?"

ኦቦ ፈይሳ አሰቡ። ሽማግሌ ዋሽቶ ማምለጥ ሲችል የማይዋሽ ከሆነ ደስ ይላል። "አላውቅም" አሉ። "ማሎ፣ እባክሽ፣ የማላውቀውን ነገር ግን አልደፍንም።" በቅሎዋን ገፋ አድርገው ሄዱ።

እኔ ደፈንኩት። ድንጋዩን አስገባሁ፣ ጭቃ ጠቀጠቅሁ፣ ከላይ ለስኜ በመዳፌ መታ መታ አደረግሁት። "ፉፋ፣ ይኸው አሸነፍኩህ" አልኩ ጮክ ብዬ። ማንም አልነበረም። ደስ አለኝ ብዬ ነበር፤ ግን እጄን ስታጠብ ዕንባ መጣብኝ። ሃያ ስድስት ዓመት የተከራከሩትን ሰው በሌለበት መርታት እንደ መርታት አይደለም።

በኛ በኩል ሰው ተዘግቶ ወደ ከረመ ቤት ሲገባ ቀድሞ ነፍስ ያለው ነገር ያድርበታል። ሰው ከእንስሳ በኋላ ነው። ስለዚህ ዓርብ፣ ጥር ስምንት፣ ሦስት እንቁላል ጣይ ዶሮዎችና አንድ ቀይ አውራ ዶሮ ገዝቼ ማታ ቤቱ ውስጥ ለቀቅኋቸው። ቆጡን ገና አልሠራሁትም ነበር። ጥሬ በትኜ፣ በሩን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁና ዘነበወርቅ ዘንድ አደርኩ። ሃዋኒና ሄቨን በማግሥቱ ይመጣሉ። ለሄቨን አዲስ ምንጣፍ ገዝቼ ወለሉ ላይ አንጥፌላታለሁ፤ ልጅ መደብ ላይ ብትተኛ ትወድቃለች ብዬ። ምንጣፉ አበባ አለበት።

ጠዋት ከዘነበወርቅ ጋር ሄድን። ገና ደጃፉ ሳንደርስ አውራው ይጮኻል።

"በይ፣ ቤትሽ ነፍስ ዘርቷል" አለችኝ።

በሩን ከፈትኩ። አውራ ዶሮው አግዳሚው ላይ ወጥቶ ቆሟል። ሦስቱ ዶሮዎች ወለሉ ላይ ናቸው። አንዷ የሄቨን ምንጣፍ ላይ ነች፤ ክንፏን ሰብስባ፣ አንገቷን አጥፋ፣ የተኛች ነው የምትመስለው። ሌሎቹም እንደዚያው። ደም የለም፣ የተነጨ ላባ የለም፣ የአውሬ ዱካ የለም። ጥሬው እንኳ አልተበላም።

ዘነበወርቅ አማተበች። ሳቋ ጠፋ። "ወርቂቱ፣ ቤቱ ባለቤት ይዟል። ቄስ እንጥራ።"

"ባለቤቱ እኔ ነኝ" አልኩና ደፉን ተሻግሬ ገባሁ።

ምንም የለም። ቀዝቃዛ ነው፤ ዝም ያለ ነው። እግሬ ላይ ብቻ፣ ከጉልበቴ በታች፣ ምንጭ ውስጥ የቆምኩ ያህል ቀዘቀዘኝ። ምንጣፉ ላይ ያለችውን ዶሮ ላነሣ ጎንበስ አልኩ። ያኔ አፍንጫዬን አንድ ነገር ወጋው። የአምቦ ውኃ ጠርሙስ ተከፍቶ ሳይበርድ ፊታችሁን ስታስጠጉ የሚወጋው፣ ዕንባ የሚያመጣው ነገር፣ እሱው። ይህን ሽታ አውቀዋለሁ ስል ጉልበቴ ከዳኝ። ልቤ ደረቴን እንደ ከበሮ ሲመታው ሰማሁ። ከዚያ ነጠላዬ አንገቴ ላይ ጠበቀ፤ ዘነበወርቅ ናት፤ እንደ ጥጃ በነጠላዬ ጎትታ ደፉን አሻግራ ሣር ላይ ጣለችኝ።

ሰማዩ ሲዞር ሲዞር ቆየና ቆመ።

"ሞተሽብኝ ነበር እኮ፣ አንቺ ድርቅ!" እያለች ታለቅሳለች። "ባለቤቱ እኔ ነኝ ትላለች ደሞ!"

በዚህ መሃል ስልኬ ጮኸ። ሃዋኒ ናት። "እማዬ፣ ተሳፍረናል። ሄቨን መስኮት ጋ ናት፣ ደስ ብሏታል። ቤቱ ደረሰ?"

አሁን እውነቱን ልናገር። "አትምጡ" ማለት ነበረብኝ። አፌን ከፍቼ ነበር። አትምጡ ካልኩ ግን ቤቱ አለቀ፣ የጊንጪው ክፍል እስክሞት የኔ ነው። "ኑ" አልኳት። ሄቨን አጠገቧ ሆና ስትዘፍን ይሰማኛል። ስልኩን ዘጋሁና ለዘነበወርቅ "ኦቦ ፈይሳን ጥሪልኝ" አልኳት። "ቄስ ኋላ ይመጣሉ።"

ኦቦ ፈይሳ በሩ ላይ ሆነው የሆነውን ሰሙ። አልገቡም። ጧፍ አስመጡና አበሩ፤ በረጅም እንጨት ጫፍ አሰሩት። እንጨቱን በበሩ አሳልፈው ጧፉን ቀስ አድርገው ወደ ወለሉ ያወርዱት ጀመር። ደረት ደረሰ፣ ይበራል። ወገብ ደረሰ፣ ይበራል። ጉልበት ላይ ሲደርስ ጠፋ። ንፋስ የለም፤ እፍ ያለው የለም። አንድ የማይታይ አፍ ዋጠው።

እንደገና አበሩት። እዚያው ቦታ ጠፋ። ሦስተኛም። ልክ እዚያው፤ ከደፉ እኩል፤ እኔ በድንጋይና በጭቃ ካስነሣሁት ደፍ እኩል።

"ችቦ አምጡ" አሉ።

ደረቅ ጭራሮ አስረን ለኮስንላቸው። የሚነደውን ችቦ እንዲሁ አወረዱት። ጉልበት ላይ ሲደርስ እሳቱ ተዋጠ፤ ጭሱ ግን ቀረ። ጭስ ወደ ላይ ነው የሚሄደው፤ ይህን ያልተማረም ያውቃል። ይህኛው ወደ ላይ አልሄደም። ተኛ። ከበሩ እስከ ጓሮው ግድግዳ፣ ከመደቡ እስከ መደቡ፣ ዝርግት ብሎ ተኛ፤ ፊቱ እንደ ኩሬ ልሙጥ ነው። ኦቦ ፈይሳ እንጨቱን ቀስ አድርገው ሲያንቀሳቅሱት ሞገድ ሠራ። ሞገዱ ሄዶ ግድግዳውን ነካና ተመለሰ። ያን ሁሉ ዓመት የጠረግሁት ወለል፣ የበላሁበት፣ የወለድኩበት፣ ባሌን ያስገነዝኩበት ቤት፣ ሐይቅ ሞልቶታል። የማይታይ ሐይቅ። አውራ ዶሮው ከአግዳሚው ላይ ሆኖ ቁልቁል ያየዋል።

ዘነበወርቅ እጄን ይዛለች። ፍርሃት አልነበረም፤ ፍርሃትማ ትንሽ ነገር ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መጋረጃው ሲገለጥ የሚይዘኝ ዓይነት ነው የያዘኝ። ጫማዬን ላወልቅ ነበር።

"ሆራ ነው" አሉ ኦቦ ፈይሳ በመጨረሻ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ሆራ የምንለው ከብት የሚጠጣውን፣ ከመሬት እየፈላ የሚወጣውን ውኃ ነው። "ውኃው ከታች ነው። ይሄ ትንፋሹ ነው።"

ከዚያ ትዝ አላቸው። ሲናገሩ ዓይናቸውን ከጭሱ ላይ አላነሡም። "ቋሚ ስንተክል የጓሮው ጉድጓድ ውስጥ መሬቷ ስትንሾካሾክ ሰማን። እንደተጣደ ድስት። ጆሮዬን ላስጠጋ ስል ደቻሳ በቀበቶዬ ይዞ ጎተተኝ። ሌሎቹ ቦታ ቀይር አሉት። 'ለከብቶቼ ሆራ የምታጠጣ መሬት ጠላቴ አይደለችም' አለ። 'እሷ ቀድማ ነበረች፤ እኛ ነን የመጣንባት። መተንፈሻ እንተውላት' አለ። እኔ ልጅ ነበርኩ፣ ወግ መሰለኝ። ዛሬ ነው የገባኝ፣ ሃዳ ሃዋኒ። በሰባ አምስት ዓመቴ።"

መደቡ፣ ቆጡ፣ ውጭ የሚታሰረው ጥጃ፣ ከአግዳሚው የተንጠለጠለው የሃዋኒ አልጋ። አንድ በአንድ መጡብኝ። ሽማግሌው የሚያውቁትን በሳይንስ ማስረዳት አልቻሉም፤ ስለዚህ ሕግ አድርገው ተዉልን። ፉፋም ያልገባውን ነገር ሃያ ስድስት ዓመት ጠበቀ፤ የኔን ምላስ እየቻለ። በየጠዋቱ እየተንበረከከ። እኔ ደግሞ ቤቱን ገንቦ አደረግሁት፤ አንድ ጠብታ እንዳያፈስ አድርጌ መረግሁና ምንጣፍ አነጠፍኩበት።

"ዲጅኖ አምጪ" አልኳት ዘነበወርቅን።

"ኦቦ ፈይሳ ይክፈቱት እንጂ፣ አንቺ አሁን ከሞት..."

"የደፈንኩት እኔ ነኝ።"

ኦቦ ፈይሳ "ከላይ በኩል ቁሚ፣ ቁልቁለቱ ላይ እንዳትሆኚ፣ ፊትሽን እንዳታስጠጊ" አሉኝ። በጓሮ ዞሬ ከጎን ቆምኩና በረጅሙ ዲጅኖ መታሁት። ጠንክሯል። ጥሩ አድርጌ ነው የደፈንኩት፤ የእኔ ሥራ እኮ ነው። በአራተኛው ምት ድንጋዩ ወደ ውስጥ ተገፋ።

መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ከዚያ ጭሱ ወጣ። እንደ ጭስ አይደለም፤ እንደ ወተት ነው የወጣው። ከቀዳዳው ፈሰሰ፤ መሬት ነክቶ፣ ያን ሣር ያልበቀለበትን መንገድ ይዞ፣ ግራ ቀኝ ሳይል፣ ቁልቁል ወረደ። መንገዱን ያውቀዋል። ሲሄድበት የኖረ ነው። አንድ ትል ከፊቱ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ጭሱ ሲያልፍበት ትሉ ቆመ። ጭሱ ቦዩ ውስጥ ገባ፣ በቦዩ ታጠፈ፣ ታች መስኩ ላይ ንፋስ አግኝቶ በተነው። ቆሜ አየሁ። መሬት ስትተነፍስ ዐይኔ አየ። አንዲት ሴት በዕድሜዋ ምን ያህል ነገር ታያለች? ጦርነት ሰምቻለሁ፣ ጎርፍ አይቻለሁ፣ ወልጄ ቀብሬአለሁ። እንደዚያ ያለ ግን አላየሁም።

ከዚያ ደፉን አፈረስኩ። እሱንም ራሴ።

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ጧፉ ወለሉ ላይ ቆሞ በራ። አውራ ዶሮው ያን ጊዜ ነው የወረደው። ማንም አልጠራውም። ከአግዳሚው ወደ መደቡ፣ ከመደቡ ወደ ወለሉ፤ ጥሬውን ለቀም አደረገ።

መኪናው እስኪሞላ ብዙ አቆይቷቸው ኖሮ፣ ሃዋኒ ከቀትር በኋላ በባጃጅ መጣች። ሄቨን እየሮጠች ወደ በሩ ስትሄድ አፈፍ አድርጌ ያዝኳት። ውጭ፣ በርጩማ ላይ አስቀምጫት፣ ለሃዋኒ ሁሉንም ነገርኳት። ዶሮዎቹን አሳየኋት። ምንጣፉንም። ለማን ተነጥፎ እንደነበር ስነግራት ፊቷ አመድ ሆነ።

በዚያ በሚቀንሰው ድምፅ፣ "ኑ አልሽን" አለችኝ። "ይህን አይተሽ፣ ኑ አልሽን።"

"አዎ።"

"ለምን?"

"ቤቴን ፈልጌ ነው።"

ይቅርታ ማለት አይሆንልኝም፤ ግን እግሯ ሥር ያለውን መሬት ነካሁ። ሃዋኒ ዕንባዋ መጣ፤ እናት መሬት ነክታ ስትለምን ማየት ለልጅ ከባድ ነው።

"ይሸጥ" አለች።

"ለማን? የሚገዛው ሰው አያውቅም። ቆንጆ ቤት ነው ብሎ ይገባና ቀዳዳ አይቶ ይደፍነዋል። ልጅ ይኖረዋል።"

ይህን ስል ያሰብኩበት አልነበረም፤ ከአፌ ወጣ። ኦቦ ፈይሳ ራቅ ብለው ምርኩዛቸውን ይዘው "እውነቷን ነው" አሉ። ሃዋኒ ተነሥታ በጓሮ ዞረች። ቀዳዳው አጠገብ ቆመች። ሣር ያልበቀለበትን መንገድ በዓይኗ እስከ ቦዩ ድረስ ተከተለችው። እዚያ ቤት ነው የተወለደችው፤ ከአግዳሚው ላይ ተንጠልጥላ ነው ያደገችው። ስትመለስ ፊቷ ሌላ ነበር።

"አባዬ በየጠዋቱ እጁን የሚሰደው..." አለች።

"አዎ" አልኳት።

ያን ሌሊት ሦስታችንም ዘነበወርቅ ዘንድ አደርን። ከተራውን ከታቦቱ ጋር ወርደን፣ ጥምቀትን አክብረን፣ በማግሥቱ ሃዋኒ ሁለተኛ ቀዳዳ ከመጀመሪያው ጎን ራሷ አስቆፈረች። እኔ አልተከራከርኩም። ሄቨን ነፍስ እስክታውቅ እዚህ አታድርም፤ በእሱም ተስማማን። አልጋዬ መደቡ ላይ ነው፣ አዲስ የገዛኋቸው ዶሮዎች ቆጥ ላይ ናቸው። ማታ ከመተኛቴ በፊት ጧፍ ወለሉ ላይ አቆማለሁ፤ ሲበራ አይቼ ነው የምጋደመው። ቄሱም መጥተው ጠበል ረጭተዋል። ኦቦ ፈይሳ ለሠፈሩ ልጆች ታሪኩን ሲነግሩ ሐይቁ በየጊዜው ይጨምራል፤ አሁን አንገት ደርሷል።

ብርዱ አልቀረም። ቁርጭምጭሚቴን ይቆረጥመኛል። ካልሲ ገዛሁ።

ጠዋት ስነሣ ፊቴን ሳልታጠብ ከላይ በኩል እንበረከካለሁ፤ ፊቴን አርቄ እጄን እሰዳለሁ። በጣቶቼ መሃል እንደ ምንጭ ውኃ ቀዝቃዛ ነገር ያልፋል፤ አይታይም፣ አይሰማም፣ ብቻ ያልፋል፣ ቀስ እያለ ወደ መስኩ። ከመሬት ሆድ ነው የሚመጣው። አንዳንድ ቀን እጄን ለማውጣት እረሳለሁ።

በዚህ ሰዓት ስልኩ ይጮኻል። ሃዋኒ ናት፣ ሥራ ሳትገባ። እንደምን አደርሽ አትለኝም።

"ክፍት ነው?" ትላለች።

"ክፍት ነው" እላታለሁ።

ከዚያ ነው እግዜር ይመስገን የምንባባለው።